ቀብድ

ደላላው ሰጠኝ ቁልፉን ያሽከረክራል በሌባ ጣቱ፤
«ሰፊ ነው፤ አምስት ክፍል፤ የሚተኛበት ገንዳ አለው ቤቱ።
በጣሊያን ጊዜ የተገነባ፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ፣
ለጥምቀት ሰሞን እንዲህ ያለ ቤት የሚያገኙ ስንቶች አሉ?»

እኛ አሥራ አራት ነን፤ ሁሉም ከየአለበት ተጓጉዞ፣
ከመተማ፣ ከአይከል፣ ከደባርቅ፤ አንዱ ፍራሽ፣ አንዱ ብረት ድስት ይዞ።
ዋጋውን ሲሰማ ታናሼ ዘውዱን ትን አለው፤ ከዚያ ሳቀ፤
«በዚህ ብር በሬ ገዝተን፣ ከበሬው ጋር ውጭ ብናድርስ?» ብሎ ጠየቀ።
ቢሆንም ከፈልን።
ስለ ገንዳው ብለን።

አባታችን በየጥቅምቱ ስንቁን አውቶቡስ ላይ ጭኖ፣
ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይወርድ ነበር፣ የሰባት ቀን እንግዳ ሆኖ፤
ጉልበቱን ዘፍዝፎ፣ ከማያውቀው ሽማግሌ ጋር ስለ በሬ አውግቶ፣
ሲመለስ ደረጃ ይወጣ ነበር፣ ምርኩዙን እዚያው ረስቶ።
ዘንድሮ ግን መንገዱ...
መንገዱን ተዉት።
«ፍል ውሃ ካልሄድን እኛው እናፍላው» ያለች እማዋይሽ ናት።

ቤቱስ እውነትም ሰፊ ነው፤ ሰው እዚህ ሲያስነጥስ፣
«ይማርህ» ከወዲያኛው ክፍል ውሎ አድሮ ነው የሚደርስ።
ግድግዳው ላይ ፎቶ የነበረበት ባለ አራት ማዕዘን ንጣት አለ፤
ባለቤቱ ለኛ ብሎ ዘመዶቹን ሸክፎ የወጣ መሰለ።
የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የልጅ ቁመት ተሰምሯል፤
«ፈንታሁን፣ ስድሳ ዘጠኝ» ይላል የላይኛው፤ ከዚያ ወዲያ መስመር ቆሟል።
ሶልያና ጀርባዋን ለጥፋ «እኔንም ለኩኝ» አለች፤
እናቷ እርሳሱን ቀማቻት፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረች።

ባለቤቱ አያ ደርበው ከጓሮ ናቸው፣ ድሮ ማድ ቤት በነበረች፣
አልጋቸውን ካስገቡ ወዲህ በሯ መዘጋት እምቢ ባለች።
ሌሊት ሲስሉ እንሰማለን፤ እኛም ድምፃችንን እንቀንሳለን፣
በከፈልንበት ቤት ውስጥ እንደ ሌባ በጣታችን እንሄዳለን።

ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መጣ፤
ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ብረት ድስቱ ሳይቀር ተሰልፎ ወጣ።
በርሜሉ ሥር ባሕር ዛፍ ነደደ፤ ተቀባበልን እስከ ገንዳው፤
ዘውዱ እጁ ተለበለበ፤ አንድ ቃል ሳይወጣው ቀዳው።
አባታችን ቀስ ብሎ ገባ፣ እስከ ደረቱ ሰጠመ፣
ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፣ ዙሪያውን ገረመመ፤
«ዋንዛዬ» አለን፣ «እንዲህ ነጭ አልነበረም፤
ደግሞ ሰው ነበረበት። ፍል ውሃ ለብቻ አይጥምም።»

የከተራ ማታ ቤተሰቡ ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ፣
እኔ ከአባቴ ጋር ቀረሁ፤ ያፈላነው እንዳይበርድ።
«ቤቶች! ቤቶች!» የሚል ሰማሁ። አያ ደርበው ነበሩ፣
ፎጣ በብብታቸው ሸጉጠው በገዛ በራቸው የሚጣሩ።
«ሙቅ ውሃ ከተረፈ ብዬ ነው... ሰው ሲከራይ ውሃው ይሞቃል፤
ሰው ሲሄድ እንጨቱም አብሮ ያልቃል።
ገንዳዬን ካየሁት ሦስት ዓመቴ።»
የምለው ጠፋኝ። ከውስጥ፣ «ማነው? ይግባ!» አለ አባቴ።

ከበሩ ውጭ ፎጣ ይዤ ቆምኩ። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ፤
በርጩማ ተጎተተ፤ ከሩቅ ከበሮ አስተጋባ፤
ከዚያ ዝም። ከዚያ ሳል።
ብዙ ቆይቶ፣ «ለመሆኑ» አለ አባቴ፣ «በሬ እዚህ ስንት ገባ?»

ፎጣውን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

እሑድ ወጣን። ወለቃ ስንደርስ አባቴ ምርኩዙን ፈለገ፤
ከወንበር ሥር የለም፤ ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አደረገ።
«ተወው» አለ አባቴ፣ ጉልበቱን በመዳፉ እያሸ፤
«ደርበው ጋ ይቆይ፤ ለከርሞ ቀብድ ነው። ይልቅ ንዳው፣ መሸ።»